በሚዛኑ ዙሪያ የነበረ ጉባኤ

የደረቀ ጀንፈል ሽታ ከሌላ ከምንም ሽታ ጋር አይምታታም። ፍሬው ገና ከቀሽሩ ሳይለይ በጆንያ ታጭቆ ወራት ሲከርም የሚያወጣው መዓዛ፣ የእሸቱን ጣፋጭነት፣ የዝናብ አፈርን ቅዝቃዜና የቃጫን ብናኝ በአንድነት የያዘ ሆኖ፣ በአፍንጫ ገብቶ በጉሮሮ ላይ የሚያርፍ፣ ጥቂት የሚያስነጥስ፣ ቆይቶም ከልብስ የማይለቅ ነው። ባለፈው ኅዳር ከጅማ ተነሥቼ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ሰቃ ላይ ከመኪና ስወርድ፣ በመንገዱ ዳር በሸራ ተሰጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ከነበረው ቡና የተነሣው ያ መዓዛ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ተቀበለኝ፤ ተቀብሎም ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ በጎልማሳነቴ መግቢያ፣ ጸሐፊ ሆኜ የሠራሁበትን የቡና መጋዘን፣ በውስጡም የነበሩትን ሰዎች ድምፅ ከነቃናው አስነሣብኝ።

መጋዘኑ ፈርሷል። የቆርቆሮው ግድግዳ ተነሥቶ በስፍራው ፎቅ ቤት ቆሟል፤ ቦታውን ለይቼ ለማወቅ የረዳኝ በአጥሩ ጥግ የነበረው ዋንዛ ብቻ ነው። በዋንዛው ሥር ወጣቶች ተቀምጠው ቡና ይጠጡ ነበር፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች መሆናቸውን በአንገታቸው ካንጠለጠሉት መታወቂያ ዐወቅሁ። አይተውኝ ተነሡ፣ «አባባ፣ ይቀመጡ» ብለውም ወንበር ለቀቁልኝ። ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ በትሕትና አጫወቱኝ፤ ስለ አገሪቱ ነገር ምን ትላላችሁ ብዬ ስጠይቅ ግን ሁሉም ወደ ስኒው አጎነበሰ፤ አንደኛውም ፈገግ ብሎ፣ «አባባ፣ እኛ ቢሮ ውስጥ ፖለቲካ አናወራም፤ እንጀራችንን እንብላበት» አለኝ። ቃሉ ከንቀት የወጣ አልነበረም። ከጥንቃቄ የወጣ ነበር፤ ጥንቃቄውም ከየት እንደ መጣ ስለማውቅ አልተቀየምሁም። ይሁን እንጂ በዚያው ስፍራ፣ በዚያው ጥላ አጠገብ፣ ከእነርሱ በፊት የነበሩ የሥራ ባልደረቦች ስለ ነገረ መንግሥት እንዴት ይነጋገሩ እንደ ነበር፣ ያም ንግግር በምን ምክንያት እንደ ታነቀ ሳልናገር ብሞት እንደ ዕዳ የሚቈጠርብኝ መስሎ ታየኝ።

በመጋዘኑ የምንሠራው ሰዎች ጥቂቶች ነበርን፤ በጥቂቶቹ መካከል ግን አገሪቱ ከነልዩነቷ ነበረች። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የሂሳብ ሹም በዳዊትና በጾመ ድጓ ያደጉ፣ በኋላም ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ፣ ከሰቃ ወዲያ ባለው ገጠር ከአባታቸው መሬት የወረሱ ጨዋ ሰው ነበሩ። ሚዛን የሚይዙት፣ ኦቦ የምንላቸው ሰው የአካባቢው ተወላጅ፣ ሶላታቸውን ከጆንያው ክምር ጀርባ የሚሰግዱ አጥባቂ ሙስሊም፣ የጭሰኛም ልጅ ነበሩ። ዘበኛው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ የዘመቱ አሮጌ ወታደር ሲሆኑ የንጉሠ ነገሥቱን ስም ተቀምጠው አይጠሩም ነበር። ጭነት የሚሸከሙት ጎበዛዝት በቡና ወራት ከዳውሮና ከከምባታ የሚመጡ ነበሩ፤ ቡና ለቃሚዎቹ እናቶች ደግሞ በመሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠው፣ ሰፌዳቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጥቁሩንና ስብርባሪውን ከደኅናው እየለዩ፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛው፣ ከፍኛውን ከዳውርኛው እያዋሐዱ ሲጨዋወቱ ይውሉ ነበር። ከእነርሱ ታላቅ የሆኑትን ሴት ሁላችን አደ እንላቸው ነበር። ጧት ሥራ ጋብ ሲል ቡናውን የሚያፈሉት እርሳቸው ነበሩ፤ የሚያፈሉትም ከለቀማ የተረፈውን ተራ ፍሬ ነበር፤ መልካሙ ተመርጦ፣ በጆንያ ተሰፍቶ፣ በመኪና ተጭኖ ባሕር ይሻገር ነበርና።

ከ1966 በፊት በነበሩት ዓመታት በዚያ ቤት ስለ መንግሥት በቀጥታ የተነገረ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ነገረ መንግሥት የሚገባው በፈረሱላ ዋጋ በኩል ነበር። ገበሬው ጀንፈሉን በበቅሎ ጭኖ፣ በቅሎ የሌለውም በራሱ ተሸክሞ ይመጣና 17 ኪሎው ፈረሱላ ስንት እንደ ገባ ይጠይቃል፤ ኦቦ ይነግሩታል፤ ያን ጊዜ ገበሬው፣ «ይህን ዋጋ የሚቈርጠው ማን ነው?» ብሎ ሁለተኛ ጥያቄ ሲያስከትል፣ ኦቦ ዓይናቸውን ወደ ሚዛኑ ምላስ ይመልሱ ነበር። መልሱ ከሰቃ ሩቅ ነበር። ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1962 ከተፈረመ ወዲህ ቡና አብቃይ አገሮች ለዓለም ገበያ የሚያቀርቡት ድርሻ የሚወሰነው ለንደን ላይ ነበር፤ ከለንደን እስከ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ፣ ከጅማ እስከ ሰቃ የተሰለፉት እጆች እያንዳንዳቸው የድርሻቸውን አንሥተው ለገበሬው የሚቀረውን ጋሼ በመዝገባቸው ላይ በየቀኑ ያዩት ነበር። ያዩትን ግን አይናገሩም ነበር፤ አንዳንድ ቀን ብቻ፣ መዝገቡን ሲዘጉ፣ «ይህ ቍጥር አንድ ቀን ይጮኻል» ይሉ ነበር።

ቍጥሩ የጮኸው በ1966 ነው። በዚያ ዓመት የካቲት መምህራን ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ፣ የታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት መኪናቸውን ሲያቆሙ፣ የካቲት 28 ቀንም የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ፣ ወሬው በአውቶቡስ ከሚመጣው አዲስ ዘመን ጋዜጣ አስቀድሞ በዘበኛው ራዲዮ ይደርሰን ነበር። በጅማም ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ የከፋ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ እንዲነሡ ጠየቀ። እስከዚያ ቀን ድረስ በሹክሹክታ ይነገር የነበረው ሁሉ ያን ጊዜ በሙሉ ድምፅ ይነገር ጀመር። ጋሼ ጋዜጣውን ከፍ አድርገው ያነብቡልናል፤ ኦቦ አማርኛው ለከበዳቸው ወደ ኦሮምኛ ይመልሱላቸዋል፤ ለቃሚዎቹ እናቶች እጃቸው ከሰፌዱ ሳይቦዝን ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ ያነበቡት ሰው አስተያየቱን ሳይጨርስ ከጆንያው ክምር ላይ ሌላው ይቀበለዋል።

ከእነዚያ ቀናት በአንደኛው የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ከሕሊናዬ አልጠፋም። ዘበኛው፣ «ጃንሆይን ያሳሳቷቸው ሹማምንቱ ናቸው» አሉ፤ በዚያ ወራት ብዙ ሰው የሚለው ቃል ነበር። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ገና ጢሙ ያልበቀለ ወጣት፣ «ሹማምንቱን የሾማቸውስ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። መጋዘኑ ጸጥ አለ። ሽማግሌው ወታደር ዱላቸውን ይዘው ቆመው ልጁን ለረዥም ጊዜ ተመለከቱትና፣ «ይህን የጠየቅኸኝ የአብራኬ ክፋይ ሆነህ ቢሆን ኖሮ በዱላዬ እመልስልህ ነበር፤ አንተ ግን አብረኸኝ የምትሠራ ሰው ነህ፤ ስለዚህ አስቤ እመልስልሃለሁ» አሉት። በማግሥቱም መለሱለት። መልሳቸው አላረካውም፤ እርሱም አልተቀበለውም፤ ሆኖም አሮጌውና ወጣቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጧቱ የሚከራከሩ ወዳጆች ሆኑ። በቤት ውስጥ አባትና ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያን ካህንና ምእመን፣ በአገር ጌታና ሎሌ ሊነጋገሩት የማይችሉትን ነገር፣ በአንድ ደመወዝ ቀን የሚሰለፉ ሰዎች ሊነጋገሩት እንደሚችሉ ያን ጊዜ አየሁ።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና ግን ከዚህ ይበልጥ የከበደ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በራዲዮ ሲነበብ፣ ጭሰኝነት መቅረቱ፣ ለአንድ ቤተ ሰብም ከ10 ሄክታር በላይ እንደማይፈቀድ ሲሰማ፣ በዚያ አንድ ጣራ ሥር ርስቱን ያጣ ሰውና ከጭሰኝነት የወጣ የጭሰኛ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ጋሼ የጀመሩትን የድምር ረድፍ ጨርሰው፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቀው፣ መዝገቡን ዘጉት። ኦቦም ወዲያው አልተናገሩም። የቀኑን ሚዛን ከጨረሱ በኋላ ግን ወደ ጠረጴዛው ቀርበው፣ «ጋሼ፣ ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽዎትም። አባቴ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ዛሬ ከደስታ ብዛት አይተኛም ነበር። የእርስዎ ኀዘን ግን አላስደሰተኝም» አሏቸው። ጋሼም፣ «እውነቱን ስለ ነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዛሬ ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ብዙዎች ናቸው፣ እውነቱን የሚነግረኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት» ብለው መለሱ።

ከዚያ በኋላ ለወራት ተከራከሩ። ጋሼ፣ «ገበሬው ሊሸጠው፣ ሊለውጠው፣ በዕዳ ሊያስይዘው የማይችለው መሬት ባለቤቱ ማን ነው? ከእኔ ተነጥቆ ለእርሱ ተሰጠ ወይስ ከሁለታችንም ለመንግሥት ሄደ?» ይሉ ነበር። ኦቦ ደግሞ፣ «ሲሶውን ለጌታ ሲሰፍር የኖረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያመረተውን ወደ ቤቱ ማስገባቱን ነው፤ የሽያጩን ነገር የጠገበ ልጁ ይጠይቃል» ይሉ ነበር። በየጊዜው ያገሬን ክርክር ስሰማ፣ በ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ሲደነገግ፣ በዚያም ላይ ሊቃውንት በዩኒቨርሲቲ ሲሟገቱ ሳነብብ፣ የሁለቱ ሰዎች ክርክር ገና አለመፈጸሙን አስተውላለሁ። የተሟጋቾቹ ዕውቀት ዛሬ በዝቷል፤ ከጋሼና ከኦቦ የሚበልጥ ቅንነት ግን አላየሁባቸውም።

ስለ ምን ተቻቻሉ ብዬ ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። በጠባይ ብቻ አይመስለኝም፤ ኦቦ ቍጡ፣ ጋሼም ኩሩ ነበሩ። ያቻቻላቸው ሥራው ነው። ኦቦ የሚናገሩትን ክብደት ጋሼ ይጽፋሉ፤ ጋሼ የጻፉትን ኦቦ ይመሰክራሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ መጋዘኑ ሲቈጠር አንድ ኩንታል ቢጎድል ሁለቱም በአንድነት ይጠየቃሉ። ስለዚህ ሁለቱም አንዱ የሌላውን ታማኝነት በየቀኑ በዓይኑ ያየዋል፤ በየቀኑ ታማኝነቱን ያየኸውን ሰው ስለ መሬት አዋጅ ካንተ የተለየ ነገር ቢያስብ ወዲያው ከሐዲ ነው ልትል አትችልም። በአሳብ የተለየህን ሰው ከአሳቡ ሌላ ምንም የማታውቅለት ከሆነ ጠላት አድርገህ ለመቍጠር ቀላል ነው፤ ሚዛኑን እንዴት እንደሚይዝ የምታውቅ ከሆነ ግን ያስቸግራል።

ይህን ሁሉ ያፈረሰው ተቃውሞ አልነበረም፤ ግዴታ ነበር። በሚያዝያ 1968 የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ከታወጀ በኋላ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው የውይይት ክበብ ተቋቋመ፤ ሠራተኛው ሁሉ በሳምንት በተወሰነ ቀን ሥራውን አቁሞ የፖለቲካ ትምህርት እንዲማርና እንዲወያይ ታዘዘ። አሳቡን ለሰማው መልካም ይመስል ነበር፤ በቡና ሰዓት እንደ ልባችን እናደርገው የነበረውን ነገር መንግሥት ሰዓት ሰጥቶ፣ አክብሮ፣ አስፋፍቶ ያመጣልን መስሎን በመጀመሪያው ቀን ደስ እያለን ገብተን ነበር። ነገር ግን በጆንያ ላይ ክብ ሠርተን እንቀመጥ የነበርነው በረድፍ ተቀመጥን፤ በፊታችን ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ ከከተማ የመጣ ካድሬ ተናገረ፤ ሲጠራ ያልተገኘ ሰው በስሙ ትይዩ ምልክት ተደረገበት፤ ከጠረጴዛውም ዳር ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ተቀመጠ።

ያ ሰው መጻፍ ከጀመረበት ሰዓት አንሥቶ ሁላችን መናገር አቆምን። አንደበታችን ግን አልተዘጋም፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ይነገር ነበር። አድኃሪ፣ አናርኪስት፣ ሰርጎ ገብ፣ ቀኝ መንገደኛ የሚሉት ቃላት ከካድሬው አንደበት ወደ እኛ፣ ከእኛም ወደ ልጆቻችን ጨዋታ ተላለፉ። ሂስና ግለ ሂስ የተባለ ሥርዓትም መጣ፤ ሰው በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ የራሱን ጉድለት እንዲናገር፣ የጎረቤቱንም እንዲያጋልጥ ይጠየቃል። ጋሼ ከስብሰባው ስንወጣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ንስሐ በአበ ነፍስና በተነሳሒው መካከል የሚቀር ምሥጢር ነው፤ ስለዚህ ነፍስን ያሳርፋል። በመዝገብ የሚሰፍር ኑዛዜ ግን ክስ ነው።»

ከዚያ የሆነውን በአጭሩ እናገራለሁ፤ ማስረዘሙ ያሳምመኛልና። በሐምሌ 1967 በብራዚል ብርቱ ውርጭ ወርዶ የቡና ተክላቸውን ስላቃጠለው የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሽቅብ ወጣ፤ በ1969 አንድ ፓውንድ ቡና ከ3 የአሜሪካ ዶላር በላይ አወጣ። ጋሼ የሂሳብ ሰው ናቸውና ይህን ተከታተሉት፤ በአንድ የክበብ ውሎም ተነሥተው፣ «ውርጩ ካመጣልን ትርፍ ለሰቃ ገበሬ ስንቱ ደረሰው?» ብለው ጠየቁ። ቀድሞ በሚዛኑ ዙሪያ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ የአንድ ሳምንት ጨዋታ ይሆን ነበር፤ ኦቦ አንድ ነገር፣ ዘበኛው ሌላ ነገር ብለው፣ አደ ደግሞ በመጨረሻ የሁሉን አፍ የሚዘጋ አንድ ቃል ጥለው ይፈጸም ነበር። በዚያ አዳራሽ ግን ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ ከጥያቄውም ጎን ጠያቂው የቀድሞ ባለ መሬት መሆናቸው ተጻፈ። ጊዜው አሰሳ የተካሄደበት፣ ነጻ እርምጃ የሚባለው ነገር በጅማ መንገዶች ላይ ሬሳ የሚያሳድርበት ዘመን ነበር። ጥቂት ሳምንታት አለፉና ከዕለታት በአንድ ሰኞ ጋሼ ወደ ሥራ አልመጡም፤ ከዚያም በኋላ አልመጡም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ካድሬው የጋሼን ጥያቄ የአድኃሪ አስተሳሰብ ምሳሌ አድርጎ ሲያነሣ፣ ከጭሰኛ ልጅ ሌላ ምስክር የሚያስፈልገው ስላልመሰለው ወደ ኦቦ ዞሮ አስተያየታቸውን ጠየቀ። ኦቦ ተነሥተው፣ «ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ነው» ብለው ተቀመጡ። ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። ከሚዛኑ ተነሥተው ወደ ጆንያ ቈጠራ የተዛወሩት በዚያው ወር ነው። በሕይወቴ ከሰማኋቸው የፖለቲካ ንግግሮች ሁሉ ከዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር የሚበልጥ አላገኘሁም፤ በመሬት አዋጁ ቀን በተድላቸው የተለያዩት ሁለት ሰዎች ባልደረቦች መሆናቸው የተመሰከረው በዚያ ቀን ነውና።

ከዚያ ወዲያ በክበቡ የሚነገረው ሁሉ በቃል የተጠና ሆነ። ሠራተኛው ምን ቢናገር እንደሚጨበጨብ ዐወቀ፤ ያንኑ ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። በዚህም የተጎዳው የተናጋሪው አንደበት ብቻ አይደለም፤ የሰሚውም ጆሮ ተጎዳ። ባልደረባህ የሚናገረው ነገር ከልቡ እንዳልሆነ ካወቅህ መስማት ታቆማለህ፤ መስማት ያቆመ ሰውም እውነቱ አንድ ቀን ሲነገር አይለየውም። ዘበኛው በሌሊት ተረኛነታቸው ከ1957 ጀምሮ በአማርኛ ይናገር የነበረውን የጀርመን ድምፅ ራዲዮ ድምፁን ዝቅ አድርገው ያዳምጡ እንደ ነበር ሁላችን እናውቃለን፤ ሰማን ብለን ግን ከእርሳቸውም ጋር ሆነ እርስ በርሳችን አንነጋገርም ነበር።

ንግግሩ ፈጽሞ ያልሞተው በለቃሚዎቹ ዘንድ ነበር። እነርሱ የቀን ሠራተኞች ስለ ነበሩ በክበቡ ስም ጥሪ ውስጥ አልተጻፉም፤ አዋቂ ናቸው ብሎ የጠረጠራቸውም አልነበረም። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ በኦሮምኛ ጭምር ማስተማር ሲመጣ፣ አደ ሽበታቸውን በሻሽ ሸፍነው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ፊደል ቈጠሩ፤ ከዓመታት በኋላም በዚያ ዘመን በግዕዝ ፊደል ይታተም የነበረውን በሪሳ የተባለውን የኦሮምኛ ጋዜጣ ለሴቶቹ ያነብቡላቸው ነበር። ከጋዜጣው ላይ አንድ አንቀጽ ያነብባሉ፤ ቀጥለውም፣ «ቡናው የሕዝብ ነው ይላል፤ እኔ ከጓሮዬ የለቀምሁትን ለልጄ አዲስ አበባ ልልክ ብል ኬላ ላይ የሚይዘኝ ታዲያ የማን ነው ብሎ ነው?» ይላሉ። በአዳራሹ ውስጥ ቢነገር ሰውን የሚያጠፋው ቃል በሰፌዶቹ መካከል በሳቅና በርጋታ ያልፍ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ አልነበረምና።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1981 የዓለም የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲቋረጥ ዋጋው ወደቀ፤ በ1983 መንግሥት ተለወጠ። የክበቡ ወንበር ተነሥቶ ግምገማ መጣ፤ ቆይቶም አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት መጣ። የየዘመኑ ቃል ይለያያል፤ ሠራተኛው ግን ልማዱን አውቆታል፤ ተሰብስብ ሲባል ይሰበሰባል፣ ተናገር ሲባል የሚጠበቅበትን ይናገራል፣ ከስብሰባው ሲወጣ ዝም ይላል። በ2001 ቡና ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ ወዲህ ዋጋው በእጅ ስልክ ይታወቃል፤ ለኦቦ ይቀርብ ለነበረው ጥያቄ ቢያንስ ግማሹ መልስ ዛሬ በገበሬው ኪስ አለ። ጥያቄውን አንሥቶ ከባልደረባው ጋር የሚከራከር ሰው ግን ጠፋ።

ሕግ ጎድሎ ነው እንዳይባል ሕጉ ተሟልቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 አሳብን በነጻ የመግለጽ መብት ይሰጣል፤ የ2011 የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 የሠራተኛው የፖለቲካ አመለካከት ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል፤ በፖለቲካ አስተያየት ምክንያት በሥራ ላይ አድልዎ እንዳይደረግ የሚከለክለውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቍጥር 111 አገራችን የተቀበለችው ገና በንጉሡ ዘመን፣ በ1958 ነው። የመንግሥት ሠራተኛም ለባለ ጉዳይ አገልግሎት ሲሰጥ ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነጻ እንዲሆን መታዘዙ ተገቢ ነው፤ ኦቦ ሚዛኑን ሲይዙ ገበሬው የማን ወገን እንደ ሆነ ጠይቀው አያውቁም ነበር። ነገር ግን ወገንተኝነት ሌላ ነው፣ አርምሞ ሌላ ነው። ባለ ጉዳዩን በእኩል ዓይን የሚያይ ሠራተኛ በዕረፍቱ ሰዓት ስለ አገሩ ማሰብና መናገር አይከለከልም።

የዛሬውን ሰው ዝም ያሰኘው ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛው፣ ባልደረባው የሚናገረውን አሳብ የባልደረባው አድርጎ ከመስማት ይልቅ የመጣበትን ብሔር፣ የሚጸልይበትን ሃይማኖት ሁሉ ተሸክሞ እንደ መጣ መልእክተኛ አድርጎ መስማቱ ነው፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ የተጀመረ ክርክር ሳይታሰብ የሁለት ሕዝብ ጠብ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ ከጠረጴዛው ዳር ተነሥቶ በየሰዉ ኪስ ውስጥ መግባቱ ነው። በቡና ሰዓት የተነገረ ቃል በስልክ ይቀዳል፤ ከመቀዳቱም ፊትና ኋላው ይቈረጣል፤ ማታ አገር ሁሉ ይሰማዋል፤ ጧት ተናጋሪው ሥራ ሲገባ ስሙ ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል። በእኛ ዘመን የሚጽፍ አንድ ሰው ነበር፤ ማን እንደ ሆነም እናውቅ ነበር። ዛሬ ማን እንደሚጽፍ አይታወቅም፤ ስለዚህ ወጣቱ እንጀራችንን እንብላበት ቢል አልፈርድበትም።

ግን እንጀራ ብቻውን አይበላም። በቀን ስምንት ሰዓት አብረውን የሚውሉት ባልደረቦቻችን፣ ከቤተ ሰባችን ይልቅ ፊታቸውን የምናይ፣ በእምነትና በቋንቋ የምንለያያቸው፣ እኛም ያልመረጥናቸው፣ ሥራው የሰጠን ወገኖች ናቸው። ጎረቤታችንን እንመርጣለን፤ ማኅበራችንን፣ ዕድራችንን እንመርጣለን፤ በስልክ የምንሰማውን ሰው ከሁሉ አብልጠን እንመርጣለን፤ የምንመርጠውም የሚመስለንን ነው። የማይመስለንን ሰው ቀርበን ታማኝነቱን የምናይበት ስፍራ በዚህ አገር የሥራ ቦታ ነው። ያም ስፍራ ከተዘጋ የአገር ነገር የሚመከረው በሚስማሙ ሰዎች መካከል ብቻ ይሆናል፤ የሚስማሙ ሰዎች ብቻቸውን የሚመክሩት ምክርም ሌላውን ወገን ሲያዩ ወደ ጦር መሄዱን ከ1966 ወዲህ ደጋግመን አይተናል።

ከዚያ መጋዘን የተማርሁት ይህ ነው። ስለ አገር የሚደረግ የባልደረቦች ንግግር በሕይወት የሚኖረው በፈቃድ ሲሆን ነው፤ በትእዛዝ የተጠራ ቀን ይሞታል። ዝም ለማለት የወደደ ሰው ዝምታው ሲከበርለት የሚናገረው ሰው ቃል እውነተኛ ይሆናል። የተነገረውም ቃል በተነገረበት ክብ ውስጥ ሲቀር ሰዎች በነጋታው ደግሞ ለመናገር ይደፍራሉ። አለቆችም ከዚህ የሚጠበቅባቸው ትልቅ ነገር የለም፤ ሠራተኛውን በአሳቡ ምክንያት ከሚዛኑ አያንሡት፣ ወደ ሚዛኑም በአሳቡ ምክንያት አያውጡት።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከአጠገብህ ከሚሠራው ሰው ጋር ስለ አገርህ ተነጋገር። በአሳብ ስትለየው አስቀድመህ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ተመልከት፤ የመጣበትን ሳይሆን የተናገረውን መልስለት፤ መናገር ባይወድ አታስገድደው። የነገረህን ቃል ግን ሥልጣን ላለውም ሆነ በአደባባይ ለሚጮኸው ሕዝብ አሳልፈህ አትስጥበት።